«ነፍስ ይማር»፦ በሞትና በፍርድ መካከል ስላለው ጊዜ

በአማርኛ የሞተ ሰው ስም ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ማለት የተለመደ ነው። ሊቁም ጨዋውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም የማይሳለመውም ይለዋል። ሁለት ቃላት ብቻ ቢሆኑም የተሸከሙት ትምህርት ቀላል አይደለም። «ይማር» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲነገር ልመና ይሆናል። የሚለምን ሰው ደግሞ ጕዳዩ ገና አልተዘጋም ብሎ የሚያምን ነው። ፍርዱ ተሰጥቶ መዝገቡ ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ልመናው ትርጕም ባልኖረው ነበር።

በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ የሞት ዜና ብዙ ጊዜ የሚነገረው በኃላፊ አንቀጽ ነው፦ «ወደ ጌታ ሄደ»፣ «ወደ ጌታ ተሰበሰበ»። እዚህ ልመና የለም፤ የተፈጸመ ነገር ይነገራል። በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ትምህርት ደግሞ «አንቀላፋ» የሚለው ቃል ለሐዘንተኛ የሚመረጥ ለስላሳ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ የሞተ ሰው እስከ ትንሣኤ ቀን ምንም አያውቅም የሚል እምነት አለበት። ሦስት አነጋገር፣ ሦስት ትምህርተ ፍጻሜ፤ ሦስቱም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ድንኳን ውስጥ ይሰማሉ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘለዓለም ቅጣትና ስለ አለመሞት ያላት ትምህርት የሚከብደው «ቅጣቱ ምን ያህል ይቆያል?» በሚለው ጥያቄ ላይ አይደለም፤ «ከሞት በኋላ፣ ከፍርድ በፊት፣ ማን ስለ ማን ምን ማድረግ ይችላል?» በሚለው ላይ ነው። በትምህርት ክፍሎቻችን የሚጻፉ ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ይነሣሉ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ «ልማድ» ብለው ወደ ግርጌ ያወርዱታል።

የተበደርነው ክፍፍል

በምዕራቡ ዓለም የነገረ መለኮት ክርክር ሦስት መልሶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የኃጥኣን ሥቃይ ፍጻሜ የለውም የሚለው ነው፤ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በ21ኛው ክፍል በስፋት ተከራክሮለታል። ሁለተኛው አለመሞት ለጻድቃን ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ኃጥኣን በመጨረሻ ይጠፋሉ እንጂ ለዘለዓለም አይሠቃዩም ይላል። ሦስተኛው ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል የሚለው፣ ከአርጌንስ ስም ጋር የተያያዘው አስተሳሰብ ነው።

የእኛን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚመድብ ተማሪ በመጀመሪያው ረድፍ ያኖራታል። አልተሳሳተም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በማቴዎስ ወንጌል 25፥46 ስለ ቅጣትም ስለ ሕይወትም የተነገረውን አንዱን የ«ዘለዓለም» ቃል እኩል ትወስደዋለች፤ ሕይወቱ ፍጻሜ ከሌለው ቅጣቱም ፍጻሜ የለውም። ይሁንና ምደባው እውነት ቢሆንም የሚነግረን ጥቂት ነው። የክርክሩ ምእራፎች በሌላ ቤት የተተከሉ ናቸውና። የአርጌንስ ትምህርት ተወገዘበት የሚባለው የ553 (እ.ኤ.አ.) የቍስጥንጥንያ ጉባኤ ከኬልቄዶን በኋላ የተደረገ ስለ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አይቈጠርም። የነፍስን አለመሞት በአዋጅ የደነገገው የ1513 (እ.ኤ.አ.) የላተራን ጉባኤም የሮም ጕዳይ ነው። ይህ ማለት ቤተ ክርስቲያናችን የአርጌንስን ሐሳብ ትቀበላለች ማለት አይደለም፤ ትምህርቷ የተቀረጸው በእነዚያ ክርክሮች መዶሻ አይደለም ማለት ነው እንጂ።

ሁለት ስፍራ፣ ሁለት ጊዜ

በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የምትገባው ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ነው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከትንሣኤ ሙታንና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ የሚወረሱ ናቸው። ገነትና ሲኦል ማረፊያና መቆያ ናቸው፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ርስትና ፍጻሜ ናቸው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ሲኦልንና ገሃነምን እያቀያየርን እንጠራቸዋለን። በእንግሊዝኛ በሚጻፉ ጥናቶችም ሁለቱ ስሞች በአንድ ቃል ሲተረጐሙ ልዩነቱ ይጠፋል። ልዩነቱ ሲጠፋ ደግሞ «ነፍስ ይማር» የሚባልበት ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ልመናው የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ነው።

ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት የሚሆን ጥንታዊ ምንጭ በእጃችን አለ። መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 (እ.ኤ.አ.) ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት ከቍርጥራጭ ጥቅሶች ነበር። በምዕራፍ 22 ሔኖክ በምዕራብ በኩል ታላቅ ተራራና በውስጡ ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። የሙታን ነፍሳት በየወገናቸው ተለይተው እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁት በዚያ ነው። የአቤል መንፈስም በዚያ ሆና ክሷን ታሰማለች፤ በሕይወት ሳሉ ፍርድ ያላገኛቸው ኃጥኣንም በዚያ ይቆያሉ። ሥዕሉ የወህኒ ቤት ሥዕል ብቻ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ደጅ ሥዕል ጭምር ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ቀጠሮ ይጠብቃሉ። ቀጠሮ ባለበት ደግሞ ጠበቃ ይኖራል።

የሚነሣው ማን ነው?

ስለ አለመሞት የምናደርገው ውይይትም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ኦስካር ኩልማን በ1955 (እ.ኤ.አ.) በሃርቫርድ ባደረገው ንግግር የነፍስ አለመሞት የግሪክ ፈላስፎች ትምህርት ነው፣ የአዲስ ኪዳን ተስፋ ግን የሙታን ትንሣኤ ነው ብሎ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በምታስተምርበት በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ግን አምስተኛው ዓምድ የነፍስ አለመሞት ሳይሆን ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ለምዕራቡ አንባቢ ድፍረት የመሰለው ነገር እዚህ የሰንበት ትምህርት ነው።

ሆኖም ሊቃውንቱ ነፍስን «ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት» ይሏታል፤ ከሥጋ ስትለይ በሕይወት ትኖራለች። ስለዚህ ትምህርቱ ከኩልማንም ከአድቬንቲስቱም ይለያል። ነፍስ ሕያዊት ናት፤ ነገር ግን ያለ ሥጋዋ ሙሉ ሰው አይደለችም፤ የክብሯም የቅጣቷም ፍጻሜ ሥጋዋን እስክትለብስ ይቆያል። ይህ መቆየት በትምህርቱ ውስጥ የተረሳ ክፍተት አይደለም፤ ጸሎተ ፍትሐት፣ ተዝካርና ቃል ኪዳን የተሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

ጥርኝ ውኃ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕዝቡ ጻድቁንም ሰፈሩንም በቍልምጫ «ተክልዬ» ይላቸዋል። ወር በገባ በ24 ቀን ሳሚው ይበዛል፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭም ምጽዋት የሚጠብቁ ነዳያን ይቀመጣሉ። በታላቁ የዕረፍት በዓል በነሐሴ 24 ሕዝቡ እጅግ ይበረክታል። የነገረ ድኅነት ተማሪ በመጻሕፍት የሚፈልገውን ነገር በእንዲህ ያለ ዕለት በአንድ በር ላይ ሊያየው ይችላል፤ በስሙ የሚለምን አለ፣ በስሙ የሚሰጥ አለ፣ ሰጪው የሞተ ዘመዱን እያሰበ ይሰጣል።

ይህን ግንኙነት የሚያስረው ቃል ኪዳን ነው። እንደ ሌሎች ገድላት ሁሉ በገድለ ተክለ ሃይማኖትም ጻድቁ ከአምላኩ ኪዳን ይቀበላል፤ በስሙ ለተራበ ያበላ፣ ለተጠማ ያጠጣ ምሕረት ያገኛል ይላል። ከሁሉ ጠልቆ በሕዝቡ ልብ የገባው ግን በተአምረ ማርያም የተጻፈው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ነው። ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቷል። ከሠራው መልካም ነገር የሚቈጠርለት በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ በለምጽ የተመታ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ብቻ ነው። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ ያ ውኃ በአማላጅነቷ መዘነ። የካቲት 16 ቀን በሚከበረው በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ ይታወሳል።

ታሪኩን የሚነቅፉ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ «ይህ ኃጢአትን ያቀላል» ይላል። ሌላው የሉቃስ ወንጌል 16ን ይጠቅሳል፤ በባለጠጋውና በአልዓዛር መካከል ታላቅ ገደል ተደርጓል፤ ከሞት በኋላ የሚሻገር የለም ይላል። ሁለተኛው ነቀፌታ የሚከብድ ስለ ሆነ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ባለጠጋው በሥቃይ ሳለ የለመነው የጣት ጫፍ የምታህል ውኃ ነበር፤ አላገኛትም። በላኤ ሰብእ በሕይወት ሳለ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነበር፤ አዳነው። ባለጠጋው በደጁ የወደቀውን ድኻ አላየውም፤ በላኤ ሰብእ በመንገዱ የቆመውን ድኻ ሰማው። እንግዲህ ሁለቱ ታሪኮች የሚጣሉ አይመስለኝም፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ሁለቱም የሰው ሒሳብ የሚተሳሰበው በደጅ ከተቀመጠው ድኻ ጋር ነው ይላሉ። መምህራኑ የንስሐ ጊዜ በሞት ይዘጋል የሚሉትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሟች ለራሱ ማድረግ የሚችለው ነገር አብቅቷል፤ የሕያዋን እጅ ግን አልታሰረም።

የተደበቀ ምሕረት

ለመጀመሪያው ነቀፌታ መልስ የሚሰጥ ሌላ የግእዝ ሀብት አለ። በጥንታዊው ክርስትና በሰፊው ይነበብ የነበረው የጴጥሮስ ራእይ ሙሉ ይዘቱ የታወቀው በግእዝ ቅጂ ነው። ሲልቫን ግሬቦ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1907 እስከ 1910 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፉን ከትርጕም ጋር ሲያሳትም እንግሊዛዊው ሞንታጉ ሮድስ ጄምስ የጠፋው ራእይ መሆኑን ለየ። መጽሐፉ የኃጥኣንን ቅጣት በየዓይነቱ በዝርዝር ይሥላል፤ ስለ ገሃነም የተጻፉ ብዙ የኋለኛ ዘመን ሥዕሎች ከእርሱ ይቀዳሉ። የዚያው መጽሐፍ አንድ ጥንታዊ የግሪክኛ ቍራጭ ግን ምርጦች የለመኑላቸው ሰዎች ከቅጣት እንደሚሰጧቸው ይናገራል፤ በግእዙ ቅጂ በዚያ ስፍራ ያለው ንባብ ይለያል። በግእዙ ራእዩን ተከትሎ የሚመጣው ጽሑፍ ደግሞ ጴጥሮስ ስለ ኃጥኣን ምሕረት ሲጠይቅ ያሳየናል፤ ምሥጢሩን እንዲሰውርም ታዟል። ምክንያቱ ሰዎች ሰምተው ኃጢአትን እንዳያበዙ ነው።

ይህን ጽሑፍ የዓለም ሁሉ መዳን ማስረጃ አድርጎ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስም ማቅረብ ስሕተት ነው፤ መጽሐፉ ከቀኖና መጻሕፍቷ አይቈጠርም፤ ከጥቂት ቅጂዎች በቀርም አልተገኘም። የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። ምሕረትን ተስፋ ያደረገው ጸሓፊ አደጋውን ያውቅ ነበር። ምሕረት የሚለመን እንጂ በኪስ የሚያዝ ዋስትና አይደለም። «ነፍስ ይማር» የሚለው አነጋገር ይህን ሚዛን ይጠብቃል፤ «ምሮታል» አይልም፣ «አይምረውም»ም አይልም። ኪዳን የተሰጠው ጻድቅ ራሱ በሥዕሉ ሰባት ዓመት በአንድ እግሩ ቆሞ ሲጸልይ መታየቱም ተስፋ ስንፍናን እንዲወልድ ለማይፈልግ ትውፊት ምስክር ነው።

ዋጋው በማን ላይ ነው?

ይህ ሁሉ የብራና ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ በተተወ ነበር። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ምክንያት ሰዎች ይበደራሉ፣ ይጣላሉ፣ ያፍራሉ።

የመጀመሪያው ጕዳይ ተዝካር ነው። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ የሚታሰበው መታሰቢያ በትምህርቱ ሁለት ነገር ነው፤ ጸሎትና ምጽዋት። በአፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ ድግስ ይሆናል። በሬ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ የሚጠራው ጎረቤትና ዘመድ ነው፤ ነዳያን የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። ቤተሰቡ የሚፈራው የሟችን ነፍስ መጎዳት ሳይሆን የጎረቤትን ሐሜት ይሆናል። ይህን በተመለከተ የሚሰነዘረው ዘመናዊ ትችት ተዝካርን ከነሥሩ መንቀል ይሻል። እኔ ግን ለተዝካር ብክነት ከሁሉ የበረታው ትችት ከራሱ ከትውፊቱ የሚወጣ ይመስለኛል፦ በላኤ ሰብእን ያዳነው በሬ ሳይሆን ጥርኝ ውኃ ነው። ምሕረት በወጪ ልክ ቢለካ ኖሮ ባለጠጋው በአልዓዛር ስፍራ በተገኘ ነበር። በአርባው ቀን በተክለ ሃይማኖት ደጅ ለተቀመጡ ዐሥር ሰዎች ዳቦ የሚሰጥ ሰው በትምህርቱ ሚዛን ድንኳን ከጣለው አያንስም። ይህ በዐውደ ምሕረት ጮኾ ቢነገር ከብዙ ድኻ ቤት ዕዳ ይነሣል።

ሁለተኛው የሃይማኖታቸው ልዩነት ለሐዘን የሚገናኙ ቤተሰቦች ጕዳይ ነው። በአዲስ አበባ እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ወንጌላዊ የሆነበት ቤት ብርቅ አይደለም። እናት ስትሞት ልጅ ፍትሐት ለማስፈታት፣ ተዝካር ለማውጣት ኅሊናው አይፈቅድለትም፤ ወንድሞቹ ደግሞ እናቱን በሲኦል ጥሏት የሄደ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ወገን ሌላው ስለ ገሃነም የሚለውን የሚያውቅ ይመስለዋል። ልዩነታቸው ግን በገሃነም ላይ አይደለም፤ ሁለቱም ዘለዓለማዊ ነው ይላሉ። የሚለያዩት በሞትና በፍርድ መካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። ልዩነቱ በትክክል ቢታወቅ ጠቡ ባይበርድ እንኳ ክሱ ይቀንሳል። ምጽዋትን ደግሞ ሁለቱም አይከለክሉም፤ ስለ እናቱ ለነፍሷ የሚሰጥ አንዱ፣ ስለ እናቱ ለመታሰቢያዋ የሚሰጥ ሌላው በአንድ ደጅ ሊቆሙ ይችላሉ። ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ ይዞ የሚቀብር የሰፈር እድር ይህን የመሰለ ጥበብ ከቆየ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው በልማድ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግለትም። ቤተሰቡ ቀብሩን በዝምታ ይፈጽማል፤ ሰፈሩም «ነፍስ ይማር» ለማለት ይቸገራል። የቀኖናውን ምክንያት መካድ አይቻልም፤ ሕይወትን መናቅ እንዳይለመድ የታሰበ ነው። ነገር ግን ፍትሐት መከልከል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ የመጨረሻው ፍርድ አይደለም። ሲኦልና ገሃነም ሁለት ስፍራ፣ ሁለት ጊዜ ናቸው ያለ ትምህርት በመቃብር አፍ ላይ ፍርድ ሰጥቶ መመለስን ለሰው አይፈቅድም። በአእምሮ ሕመም ስለ ሞተ ልጅዋ በልቧ የምትለምን እናት ከትውፊቱ ውጭ አልሆነችም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለሥራ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ ስለ ኢትዮጵያ ትምህርተ ፍጻሜ የሚጻፍ ጥናት በየትኛውም ቋንቋ ሲኦልንና ገሃነምን፣ ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን በየስማቸው ይጥራ፤ ትርጕሙ ቢረዝም ይርዘም። ሁለተኛ፣ መጽሐፈ ግንዘትን፣ የገድላትን የቃል ኪዳን ክፍልና ተአምረ ማርያምን እንደ ሕዝብ ተረት ሳይሆን እንደ ነገረ መለኮት ምንጭ እንመርምር፤ ሕዝቡ ስለ ሞት የሚያምነውን የተማረው ከእነርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ከብራና ቤት ወደ ደጀ ሰላም እንውጣ። ተዝካር የሚያወጣ፣ ለማውጣት አቅም ያጣና ለማውጣት ኅሊናው ያልፈቀደለት ሰው ምን ብለው እንደሚያስረዱ መዝግቦ የሚያቀርብ ጥናት ከብዙ የተተረጐመ ክርክር ይበልጣል።

የዘለዓለም ቅጣት ትምህርት አስፈሪ ነው፤ አስፈሪነቱንም ማለዘብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን በእኛ ቤት ይህ ትምህርት ብቻውን ቆሞ አያውቅም። አጠገቡ ሁልጊዜ የሚለምን አንደበት፣ የሚዘረጋ እጅና በደጅ የተቀመጠ ድኻ አሉ። እነዚህን ትቶ ስለ ገሃነም ብቻ የሚጽፍ ተመራማሪ ከትምህርቱ ግማሹን አላነበበም።